ጀልባ ላይ ይሉኝታ አይሠራም

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው ጣናን ነው። ዓሣ ይበላል፣ በማግስቱ ጀልባ ተይዞ ወደ ዘጌ ገዳማት። ደስ ይላል። እኔን የማይመቸኝ እንግዳው ሐይቁ ላይም ሳሎን እንደተቀመጠ ሰው መስተናገዱ ነው። መነሻውም መመለሻውም «እርስዎ እንዳሉ» ይባላል። ሰውየው ግን ጀልባ ተሳፍሮ አያውቅም። አብዛኞቻችን ዋናም አንችልም። የቱ ሞገድ የተለመደ፣ የቱ አስጊ እንደሆነ በምን ይለየዋል?

የጣና ጠባይ ለአገሬው ሰው ምስጢር አይደለም። ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ግን በዛ ቢባል 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚያነሣው ሞገድ አጭርና ተደጋጋሚ ነው። ጀልባዋን ያንገጫግጫታል፣ ተሳፋሪውን ያረጥባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ፣ ለምሳ መመለስ ነው። ነገር የሚበላሸው «ትንሽ እንቆይ፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ነው» ሲባል ነው። ነጂው ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል። የከፈለውን ሰው ላለማስቀየም ግን ዝም ይላል።

ዝም ማለት የለበትም። እንግዳ ቅር ይለዋል የሚሉ አሉ። ይበለው!

ላይፍ ጃኬቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ከመቀመጫ ሥር ተጠቅጥቆ ነው። እናቶች «ነጠላዬን ያበላሽብኛል» ይላሉ፣ ማንም አይከራከራቸውም። ነጠላው ታጥፎ ቦርሳ ይግባ፣ ዘጌ ሲደርሱ ይለበሳል። ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት ማልበስ ደግሞ ራስን መሸንገል ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ሽቅብ ይወጣና በጭንቅላቱ በኩል ይሾልካል። ካሰራችሁለት በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል።

የዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ሲታይስ? «ያውና!» ሲባል ሁሉም ስልኩን ይዞ በአንድ ጎን ይነሣል፣ ጀልባዋ ታዘነብላለች። ተቀምጣችሁ እዩ የሚለው ቃል ወደብ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ መነገር አለበት። ጉማሬው ከታየ በኋላ የሚሰማ የለም። ማቅለሽለሽ የሚፈራውን ከኋላ በኩል አስቀምጡት፣ ስልኩን ትቶ ራቅ ያለውን ዳርቻ ይይ።

በኪራዩ ዋጋ ስትስማሙ የመመለሻ ሰዓቱን ነጂው ይቁረጥ፤ እንግዳውም እዚያው ቆሞ ይስማ። ናርጋ ሥላሴን ካላየሁ የሚል አይጠፋም። ናርጋ ያለበት ደቅ ደሴት ከዘጌ በጣም ይርቃል፣ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ለሌላ ጊዜ ይቆይለት፤ ናርጋ እንደሆነ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው።