«ዶላር ጨምሯል» ለሚሉ ሊቃውንት የተጻፈ ውዳሴ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ ማሻሻያው ታች እስኪደርስ ወራት ይፈጃል ብለው የሠጉ ነበሩ። ባለሱቆቻችንን ባያውቋቸው ነው። በንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57 ወደ 74 ብር ሲል፣ አስቀድሞ የገባው ዘይት ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ ሳምንት ሳይሞላ «ተሻሻለ»። ይህን ቅልጥፍና የትኛው መሥሪያ ቤት አለው?

ስሌታቸውማ ይደነቃል። ብዙው ሸቀጥ ከለውጡ በፊትም የገባው በጥቁር ገበያ ዶላር ነው። ዶላሩ በ115 ብር ከተገዛ፣ የ100 ዶላር ዕቃ 11,500 ብር ወጥቶበታል፤ የተሸጠውም በዚያው ተተምኖ ነው። የባንኩ ዋጋ ወደ ጥቁር ገበያው ሲጠጋ ለዚህ ዕቃ የተጨመረ ወጪ የት አለ? በባንክ ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት እውነትም ይከብዳሉ። ሊቃውንቱ ግን ማዳላት አይወዱም።

ጤፉን ተመልከቱት። እህሉ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ነው፤ ዶላር አይቶ አያውቅም። በነሐሴ የሚሸጠው ታኅሣሥ የተወቃ፣ ማዳበሪያውም በአሮጌው ምንዛሪ የተገዛ ነው። ለምን ተወደደ ብትሉ መልሱ «ዶላር» ነው።

ዶላር ሲወጣ «ነገ የማስገባበትን ነው የማስበው» ይላሉ፤ ይህስ አይነቀፍም፣ መተኪያውን ያላሰበ ነጋዴ ይከስራል። ሲወርድ ግን «በውድ ያስገባሁት አላለቀም»። ሁለት መዝገብ፣ አንድ አቅጣጫ!

የምንዛሪ ለውጥ ለእድገት የሚበጀው የውጭው ሲወደድ የአገር ቤቱ ወጪ ብዙም ሳይከተለው ሲቀር ነው፤ ላኪው የሚያተርፈው፣ ፋብሪካው ከውጭ ሸቀጥ ጋር የሚፎካከረው ያኔ ነው። ለላኪው በ2016ቱ ማሻሻያ ከዶላሩ ግማሹን እንዲይዝ ቢፈቀድለትም፣ ኪራዩ፣ ጭነቱና ደመወዙ እኩል ከናሩበት እዚያው በነበረበት ነው። በ1985 ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲዘል፣ በ2010 ብር 15 በመቶ ሲረክስም ጥያቄው ይኸው፣ የአገር ቤቱ ወጪ ይከተለው ይሆን የሚለው ነበር። (መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የተበደረው ብርም በኑሮ ውድነቱ እጁ አለበት፤ ዛሬ ግን ተራው የባለሱቁ ነው።)

ንግድ ቢሮም አልተኛም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቸርቻሪውን አሸገ። በ2003 የዋጋ ጣሪያ ሲጣል ስኳርና ዘይት ተሰውረው፣ ጣሪያው በወራት ውስጥ ተነሥቶ ነበር። አሁን መሰወርም አያስፈልግም፤ የታሸገው ሱቅ ዕቃ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል፦ «አዲስ ገቢ! ዋጋ በኢንቦክስ»።