በርጩማዋን ገልብጠሽ ፎቶ አንሺልኝ

ጅማ ውስጥ ልጅ ውጭ አገር ሊማር ሄደ ሲባል ጎረቤት የሚጠብቀው ሕክምና፣ ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር ነው። «ሥነ ጥበብ» ከተባለ አቦሉ ሳይቀዳ ጸጥታ ይወርዳል። ከዚያ አንዷ «ምን ይደረግ፣ እሱ ያለው ነው» ትላለች፣ ለቅሶ ቤት የሚባለውን። ነገር የምታውቅ እናት አፈወርቅ ተክሌን ትጠቅሳለች፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ያቀኑት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፣ ኋላ ወደ ሥዕል ዞሩ። ጎረቤት ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ግን «ምህንድስናውን ተዉት» የምትለዋን ብቻ ነው።

ስለ እርቃን ሞዴል ክፍለ ጊዜ ለቤት አይነገርም። «አናቶሚ ጀመርን» ይባላል። ሰፈሩም ልጁ ወደ ሕክምና ተመለሰ ብሎ ደስ ይለዋል።

ችግሩ የሚመጣው ጥናት ሲጀመር ነው። ተማሪው አህጉር አቋርጦ ሄዶ፣ አማካሪው «ከራስህ አካባቢ የሆነ ነገር ብታጠናስ?» ይለዋል። ሁለት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይከርምና ርዕሱን ያገኘዋል፦ የጅማ በርጩማ። አያቱ አሁን የተቀመጡባት።

ያን ማታ ስልክ ይደወላል። «እማዬ፣ በርጩማዋን ገልብጠሽ ፎቶ አንሺልኝ።»

«አያትህ ተቀምጠውባታል።»

«ትንሽ ብድግ ይበሉ።»

«ቡና እያፈሉ? በል ሦስተኛው ይውረድ።»

በረካው እስኪወርድ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ የተማሪው ካርድም አብሮ ያልቃል።

ፎቶው ሥርዓት አለው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፤ ማስመሪያ አጠገቡ ተጋድሞ፤ ያለ ፍላሽ፤ ብርሃኑም ከመስኮት በአግድም እየመጣ፣ የመሮው ምልክት ጥላ እንዲጥል። ዋናው የታችኛው ገጽ ነው። ላይኛውን የዘመድ ቂጥ አለስልሶታል፣ ጭስም አጥቁሮታል፤ የጠራቢው እጅ የሚነበበው ማንም ካላሻሸው ከሥሩ ነው። ይህን ሁሉ እናት በጥሞና አዳምጣ፣ ፈረንጅ የሚያየው ዕቃ ቆሽሾማ አይሄድም ብላ፣ በርጩማዋን በኦሞና በሽቦ ፈትጋ አስጥታ ታነሳዋለች። የአርባ ዓመት ጭስ ታጠበ። እሱ ምዕራፍ ሦስት ነበር።

ልኬቱም የራሱ ጣጣ አለው። የልብስ ሰፊ ሜትር ከጎረቤት ይመጣል፣ የመቀመጫው ስፋት በአንድ በኩል 31፣ በሌላው 29 ተኩል ሴንቲ ይወጣል። እናት «ሜትሩ አርጅቷል» ትላለች። ሜትሩ ደኅና ነው። የጅማ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት፣ ሚስማርም ኮላም የለውም። ዋንዛው እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ቅርጽ ይወጣለታል፣ በመሮ ያልቃል፤ ከደረቀ ሥራው ይከብዳል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ግድም ነው። ስለዚህ ክብ ሆኖ የተጠረበው ሞላላ ይሆናል፤ የግንዱ እምብርት ውስጡ ከቀረ ወይም ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ደግሞ ይሰነጠቃል። እግሩ ሦስት የሆነበትን ምክንያት አማካሪው በተምሳሌት ሊያስረዳ ይሞክራል፤ አያት ግን በአንድ ቃል «አይነቃነቅም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ሦስት ነጥብ አፈሩ ጎርባጣ ቢሆንም ሁልጊዜ መሬት ይነካል፣ አራተኛው እግር ነው ወረቀት አጥፈው የሚሸጉጡለት። ወደ ጎን አብዝቶ የሚጋደል እንግዳ ግን በሁለት እግሮች መሃል ይወድቃል።

ቀጥሎ የስምምነት ቅጽ ይላካል። «ተሳታፊዋ ጥናቱን በማንኛውም ጊዜ ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይችላሉ» ይላል። አያት ይህን ሲሰሙ ወዲያው ያቋርጣሉ። ለማስመለስ አንድ ኪሎ ስኳር ይሄዳል፤ ስኳሩም በጥናቱ ሥነ ምግባር ደንብ መሠረት «ማግባቢያ» ነውና አይመዘገብም።

በእረፍት የመጣው ተማሪ በርጩማዋን ይዞ ሊሄድ ሲል ሻንጣው 23 ኪሎ ላይ ይቆማል። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አስቀድመው ቦታ ይዘዋል። እንጨት ደግሞ አይታጠፍም። ሽሮው ይቀራል፤ እናት ይህን እስካሁን አልረሳችም።

እዚያ ሲደርስ እንጨቱ ነቀዝ ይዞ ሊሆን ይችላልና በፕላስቲክ ታሽጎ ፍሪዘር ይገባል፦ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት፣ በ30 ከሆነ ሦስት ቀን። ሲወጣ ላስቲኩ ቶሎ አይፈታም፤ አንድ ቀን ይቆያል፣ ጤዛው ከላስቲኩ ውጭ እንዲቀር። የተማሪው የጋራ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ይህን ያየ አብሮ አደር ምን እንደሚያስብ መገመት ነው። ከዚያ ክረምት ይመጣል፣ ማሞቂያ ይበራል፣ የክፍሉ አየር ይደርቃል፣ የጅማን እርጥበት የለመደች በርጩማ አንድ ሌሊት «ቷ!» ትላለች። በማግስቱ ስንጥቁ ፎቶ ተነስቶ ምዕራፍ አራት ይሆናል።

ኤግዚቢሽኑ ላይ በርጩማዋ በመስታወት ውስጥ ትቀመጣለች፣ «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፎላት። አያት ሠሪውን ያውቁታል፤ የጠየቃቸው ግን የለም። «አይቀመጡበት» የሚልም አለ።

ጅማ ቤት ቡናው አሁን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይፈላል፤ ከገበያ የመጣች፣ አራት እግር፣ አንዱ ሥር ካርቶን የተሸጎጠላት። ባለፈው በቪዲዮ ሲያያት ተማሪው ዝም አለ፣ ከዚያ ስልኩን ጠጋ አድርጎ፦

«እማዬ፣ እሷን እንዳትጥዪያት። እንዳታጥቢያትም። ለዶክትሬቱ ትሆነኛለች።»