እግር የማይባክንባት ከተማ

ደሴ ዳገት ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋለች። የትም ብትሄዱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። እዚህ እየኖረ እግሩን ሳያባክን የሚውል ሕዝብ ሊደነቅ ይገባዋል። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለመድረስ ባጃጅ ቆሞ ለሚጠብቅ ወንድሜ እጅ እነሳለሁ። በእግሩ ቢሆን ይሄኔ ደርሶ ሻዩን ጠጥቶ ነበር። ግን ቁም ነገሩ መድረሱ አይደለም፤ ቁጠባው ነው።

የሚቆጠበው ደግሞ ቀላል ሀብት እንዳይመስላችሁ። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው። 52ቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት፣ ሁለቱ እግሮች ላይ ተሰድረዋል። የመላ ሰውነቱ ጡንቻ ከ600 ይበልጣል። ጡንቻ ደግሞ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው። የፊተኛው የጭን ጡንቻ ተኮማትሮ ጉልበትን ሲዘረጋ የኋለኛው ይላላል። ለማጠፍ ተራው የኋለኛው ነው። በየእርምጃው ይሄ ሁሉ ጣጣ! በጥቂት ብር መገላገል እያለ ማን ይለፋል?

ከሁሉም የማደንቀው ለመቀመጫችን ያገኘንለትን ሥራ ነው። የሰውነታችን ትልቁ ጡንቻ እዚያ ነው ያለው። የተሰጠን ዳገት እንድንወጣበት፣ ከተቀመጥንበት እንድንነሳበት ነበር አሉ። እኛ ፍራሽ አደረግነው።

አጥንትም ቁጠባ ይገባዋል። ውስጡ አንዱ ሴል አሮጌውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲስ ይገነባል። ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል። ጫናው ሲቀርበትስ? «ታዲያ ለማን ብዬ ነው?» ይልና ከሚገነባው በላይ ያፈርሳል። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌና ከጭን አጥንታቸው በወር 1 በመቶ ያህል ሊያጡ ይችላሉ። እነሱ ለዚህ ሮኬት ያስፈልጋቸዋል። እኛ እንደነሱ ባንፈጥንም በሦስት ጎማ ተያይዘነዋል።

የባት ጡንቻም አለ። ስንራመድ ደም ሥሩን እየጨመቀ ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይመልሳል። እኛ ዘንድ ዕረፍት ላይ ነው። ማታ እግሬ አበጠ የምትል ካለህ፣ አብሽር፣ ነገም ባጃጅ አለ።

የሚያሳዝኑኝ ከገጠር ተነስተው ሰኞ ገበያ የሚመጡት እናቶች ናቸው። ሸክም አዝለው ዳገቱን በእግራቸው! ምን ዓይነት ብክነት ነው? ባለፈው አንዷን ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ አየኋቸው። ሽው ብለን አለፍናቸው። «ወራጅ አለ!» አለ አንዱ። ወረደ፣ መልስ እስኪቀበል ቆምን። እናቲቱ አለፉን። ተነሳን፣ ደረስንባቸው፣ አለፍናቸው። «ወራጅ አለ! እዚችው በሩ ጋ» አለች ሁለተኛዋ፣ ሁለት ሱቅ እንኳ ሳናልፍ። እናቲቱ አሁንም አለፉን። ሦስተኛው «ትንሽ ጠጋ አርግልኝ፣ ደረጃው ጋ» ሲል ሹፌሩ ዞሮ አየው።

«ወንድሜ፣ እስከ አልጋህ ልዘልህ?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበበት።