ምሳሌውን ተናገሩና ተቀመጡ

ሀዋሳ ውስጥ ስብከት ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። እሑድ ጠዋት ከቅዱስ ገብርኤል ተነሥታችሁ ወደ አቶቴ ብትሄዱ አንዱ ድምፅ ማጉያ ሳያልቅ ሌላው ይቀበላችኋል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይሰብካል። ባጃጅ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሹፌሩ በስልኩ ከፍቶታል። ቅሬታዬ በብዛቱ አይደለም። ቅሬታዬ የክርስቶስን ምሳሌዎች በምንይዝበት መንገድ ላይ ነው።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ሰባኪው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብሎ ይጀምራል። (ይህቺን የማይጠቅስ ካለ ያስተዋውቁኝ።) የጠፋውን ልጅ ታሪክ ቶሎ ቶሎ ያነብባል። ከዚያ ረጅሙ መፍታት ይመጣል። ቀለበቱ ምን እንደሆነ፣ ጫማው ምን እንደሆነ፣ አሳማው፣ የሰባው ፊሪዳ፣ ሁሉም ትርጉም ይሰጠዋል። ስንወጣ ምንም ጥያቄ አይቀረንም። ክርስቶስ ምሳሌ ሲናገር ግን ሰው ጥያቄ ይዞ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ለሰባኪዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ምሳሌውን ተናገሩና፣ እባካችሁ፣ ትንሽ ዝም በሉ።

ወንጌሉን ራሱን እንይ። ማቴዎስ 13 ላይ ምሳሌዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተከታትለው ይመጣሉ። በዝርዝር የተፈቱት የዘሪውና የእንክርዳዱ ብቻ ናቸው። እነሱም የተፈቱት ለደቀ መዛሙርቱ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። ባሕሩ ዳር የቆመው ሕዝብ ታሪኩን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሉቃስ 15 ላይ ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክማ ጭራሽ አላለቀም። ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል። አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ? አልተጻፈም። ታሪኩ የተነገረው ደግሞ «ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል» ብለው ላጉረመረሙ ፈሪሳውያንና ጻፎች ነው። መጨረሻውን መሙላት የነሱ ፋንታ ነበር። እኛ ግን ታናሹን ልጅ አስታቅፈን፣ አልቅሰን እንወጣለን። ታላቁን ደጅ ላይ ረስተነዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚሞግተኝ ማቴዎስ 20 ላይ ያለው የወይን አትክልት ሠራተኞች ታሪክ ነው። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ አስረጂ አይፈልግም። ጠዋት ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙትን የቀን ሠራተኞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። መኪና ሲቆም ይከብቡታል። ጉልበት ያለው ይመረጣል። በዕድሜ የገፋውና ቀጭኑ ይቀራል። ሰዓቱ እንኳን የእኛው ነው። ባለ ወይኑ ማለዳ ወጣ። ደግሞ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ። ሌላው ዓለም ይህን ለመረዳት ስድስት ሰዓት መደመር አለበት። እኛ ግን ሰዓታችንን ከጠዋት ስለምንቆጥር እንዲሁ ይገባናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቀጠረው ሰው አንድ ሰዓት ሠራና መሸ። የተከፈለው ግን ከማለዳ ጀምሮ ከለፋው ጋር እኩል፣ አንድ ዲናር ነው።

ይህ በስብከት ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። «ጸጋ በሥራ አይገኝም፣ አሜን በሉ።» አሜን። ግን ታሪኩ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ባለቤቱ ክፍያው ከኋለኞቹ ይጀመር ብሎ አዘዘ። ከፊተኞቹ ቢጀመር ኖሮ ዲናራቸውን ተቀብለው ይሄዱ ነበር፤ ጠብም አይኖርም። እንዲያዩ ተደረገ። እንዲናደዱ ተደረገ ማለት ይቻላል። አመሻሽ ላይ የተገኙትም ሰነፎች አልነበሩም። ለምን ሥራ ፈትታችሁ ቆማችኋል ሲባሉ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» አሉ። ዲናር የአንድ ቀን ጉልበት ዋጋ ነበር። ያልተመረጠው ሰው ቤት ያሉት ልጆች ደግሞ የሚርባቸው ሙሉ ቀን ነው እንጂ የአንድ ሰዓት አይደለም።

በሌላ በኩል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ልቤ ከሚያጉረመርሙት ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ሰው ቅር ቢለው ምን ይገርማል? በማግስቱስ ማን በማለዳ ይመጣል? ባለቤቱ ውሉን አላፈረስኩም፣ ገንዘቡም የራሴ ነው፣ ቸር ስለሆንኩ ትመቀኛለህ ወይ ብሎ ይመልሳል። አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው። ያረካል ወይ? እኔን አላረካኝም። ስለዚህም ነው ታሪኩ ሰኞ ጠዋት እነዚያ አካፋ የያዙ ሰዎች አጠገብ ሳልፍ የሚከተለኝ። «ጸጋ በሥራ አይገኝም» ብቻ ተብዬ ብወጣ ኖሮ እሑድን አይሻገርም ነበር።

የመረቡንም ምሳሌ አንሡ። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲራገፍ ያየ ሰው «ከሁሉም ዓይነት ሰበሰበች» የሚለው ምን እንደሆነ ያውቃል። የሚገርመው የገሊላ ባሕር ዓሣም ከሀዋሳው ሐይቅ ብዙ አይርቅም። እዚያም የቆሮሶ ዘመድ አለ። አምባዛም አለ። በኦሪት ሕግ፣ ዘሌዋውያን 11 ላይ እንዳለው፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። አምባዛ ቅርፊት የለውም። የገሊላ ዓሣ አጥማጆች ዳር ተቀምጠው ሲለዩ ምን ይጥሉ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እዚህም በዚሁ ምክንያት አምባዛ የማይበላ ብዙ ምእመን አለ። ይህን ሕዝብ ፊት አቁሞ «መረብ ማለት…» ብሎ መጀመር ያሳዝናል።

የደጉ ሳምራዊ ነገር ግን ከባድ ነው። ሳምራዊ ዛሬ የበጎ አድራጎት ስም ሆኗል፤ ስንሰማው ደስ ይለናል። ለመጀመሪያዎቹ አድማጮች ግን ሳምራዊ የማይነካኩት ሰው ነበር። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክርስቶስ ታሪኩን ጨርሶ ጥያቄውን መልሶ ለራሱ ጠየቀው፤ ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው ማን ይመስልሃል? ሰውየው «ሳምራዊው» አላለም። «ምሕረት ያደረገለት» አለ። ስሙን መጥራት የተናነቀው ይመስለኛል። አሁን ወደ እኛ ኑ። ይህች ከተማ በሰኔ 2010 በብሔር ስም ደም ሲፈስ አይታለች። ጎረቤት ጎረቤቱን የፈራበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ታሪኩን የሚሰብክ ሰው ለሳምራዊው ቦታ እዚያ የተቀመጠው ጉባኤ የሚፈራውን ሰው ያስቀምጥ። ስም መጥራት የለበትም። «ከመንገድ የሚያነሣህ እሱ ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅና ይተው። እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ሲደረግ አልሰማሁም። የሰማሁት «ደግ እንሁን» ነው።

ገብር ኄርም እንዲሁ እየለዘበ ነው። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ማቴዎስ 25 ሲነበብ፣ ጌታው ለሦስት አገልጋዮቹ ገንዘብ አደራ ሰጥቶ የሄደበት የመክሊቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ይሆንብኛል። ችሎታህን አውጣ፣ አትፍራ፣ ነግድ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል እንደነበር ስንቱ ይነገረዋል? የቀን ሠራተኛ ሃያ ዓመት ያህል ለፍቶ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። አንድ ብቻ የተሰጠው ሰውም የተሰጠው ትንሽ አልነበረም። ሦስተኛው አገልጋይ ጌታውን «ጨካኝ ሰው እንደሆንህ አወቅሁ» ሲለው ደግሞ ጌታው አልካደም። ያልዘራሁበትን እንደማጭድ ታውቃለህ ብሎ የራሱን ቃል መልሶ ጠየቀበት እንጂ። ይህ ለምን እንደዚህ ሆነ? እኔ አሁንም እያሰብኩበት ነው። ሰባኪው ግን በዚህ በኩል ፈጥኖ ያልፋል።

የሚመጣው ተቃውሞ ይገባኛል። ሕዝቡ ካልተፈታለት ይሳሳታል፣ የራሱን ትርጉም ይሰጣል ይባላል። አባቶችም እኮ ተርጉመዋል ይባላል። እውነት ነው። ኦሪጀንም አውግስጢኖስም ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን ሰው አዳም ብለውታል፤ ሳምራዊውን ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን። የእኛ የአንድምታ (የነባሩ የመጻሕፍት ትርጓሜ) መምህራንም ይተረጉማሉ። ግን የነሱን አካሄድ ተመልከቱ። አንዱን ተናግረው «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። እሱንም ተናግረው ሌላ «አንድም» ይመጣል። ተማሪው ወንበር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት የሚያሳልፈው ታሪኩ አልዘጋ ስለሚለው ነው። የዛሬው ሰባኪ ግን «አንድም»ን ትቶ «ስለዚህ»ን ይዟል።

ደግሞ ማርቆስ 4 ላይ ያለውን ከባድ ቃል እንዴት እንዘለዋለን? ክርስቶስ በውጭ ላሉት በምሳሌ የሚሆነው እያዩ እንዳይመለከቱ፣ እየሰሙ እንዳያስተውሉ ነው ይላል። ምሳሌ ነገር ለማቅለል የተነገረ ነው የምንለው እዚህ ጋ ይሰናከላል። ምሳሌ ይጋርዳልም። የሚፈልገው ተጠግቶ ይጠይቃል፤ ደቀ መዛሙርቱ እንዳደረጉት። ማንም ሳይጠይቅ የሚሰጥ ፍቺ ይህን እርምጃ ከሰሚው ይወስድበታል።

ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት በወሰደ ጊዜ በምሳሌ የገሠጸው ነቢዩ ናታንም ፍቺ ሰጥቷል፣ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ። መቼ? ዳዊት ሀብታም ከድሃ ስለ ነጠቃት አንዲት በግ ሰምቶ፣ ተቆጥቶ፣ በሀብታሙ ላይ በገዛ አፉ ከፈረደ በኋላ። ናታን ገና በመግቢያው «ንጉሥ ሆይ፣ በጓ ማለት የኦርዮ ሚስት ናት» ቢል ዳዊት ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ከባድ ነገር አልጠየቅሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በወጣቶች ጉባኤ፣ በቤት ኅብረት ይሞከር። የሠራተኞቹን ታሪክ አንብቡ፤ ከዚያ ማን ልክ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጸጥታው ቢረዝም አትደንግጡ። ክርክሩ ሲሟሟቅም ቶሎ አትገላግሉ። አንድ ደፋር ልጅ ተነሥቶ «ባለቤቱ አድልቷል» ይል ይሆናል። ይበል። ባለ ወይኑም ሠራተኛውን «ወዳጄ» ብሎ ያናገረው ስላጉረመረመ ነው።