በነፃ የምንለጥፈው የቁማር ማስታወቂያ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማነሳው ነገር ደስ የሚል አይደለም። ዝም ብል ግን ለራሴም እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ከጥቂት ወራት በፊት ጓደኛሞች በምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዱ የውርርድ ትኬቱን ስክሪንሾት አድርጎ ለቀቀ። ስምንት ጨዋታ ነው። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም የገቡ ማለት ነው። ከታች የበላው ገንዘብ በትልቁ ተጽፏል። ወዲያው የእሳቱ ምልክት፣ ጭብጨባው፣ «ግብዣ አለብህ!» የሚለው ዘነበ። እኔም «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ጻፍኩ።

እዚያው ግሩፕ ውስጥ ከውርርድ ለመላቀቅ አርባ አንድ ቀን የታገለ ጓደኛ ነበረን። መተግበሪያውን ከስልኩ አጥፍቷል። «ናፍቀኸናል፣ ነፃ ውርርድ ተዘጋጅቶልሃል» የሚሉ መልእክቶች እንዳይደርሱት ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ኳስ ማየት እንኳ ትቷል። ማልያውም፣ የሜዳው ዙሪያ ሰሌዳውም፣ የእረፍት ሰዓቱም ያንኑ ነው የሚያስታውሰው። እሱ በሩን ሁሉ ዘጋግቶ ሲቀመጥ እኛ በመስኮት አስገባንበት። በዚያው ሌሊት መተግበሪያውን መልሶ ጫነ። እስኪነጋ የወር ደመወዙን አስበላ።

ይህን የነገረኝ ቆይቶ ነው። አልወቀሰንም። እኔ ግን ያቺን «እንኳን ደስ አለህ» እስካሁን አልረሳኋትም።

የቁማር ማስታወቂያ በሕግ መከልከል አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ወደ ሕጉ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን የምንነጋገረው ስለራሳችን ነው። አቋማሪ ድርጅቶቹ ለቴሌቪዥንና ለመንገድ ሰሌዳ ገንዘብ ይከፍላሉ። ከሁሉም የሚበልጠውን ማስታወቂያ ግን እኛ በነፃ እንሠራላቸዋለን። ሰው ማስታወቂያን ይጠራጠራል። ጓደኛውን አይጠራጠርም።

እስቲ ያንን ትኬት ጠጋ ብለን እንየው። አቋማሪው በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ከኦዱ ላይ፣ ማለትም ብታሸንፍ ያስያዝከው በስንት እንደሚባዛ ከሚነግርህ ቁጥር ላይ፣ ይቀንሳል። ድርሻው ከመቶ አምስት ነው እንበል። በአንድ ጨዋታ ብትወራረድ፣ ካስያዝከው መቶ ውስጥ በአማካይ የሚመለስልህ 95 ነው። ሁለት ጨዋታ በአንድ ትኬት ስትደርብ፣ ለማሸነፍ ሁለቱም መግባት አለባቸውና ወደ 90 ይወርዳል። ስምንት ስትደርብ 66 ገደማ ይሆናል። አንድ ሦስተኛው ጨዋታው ሳይጀመር ሄዷል ማለት ነው። ማስታወቂያው «ብዙ ጨዋታ ጨምር፣ ቦነስህ ይጨምራል» የሚለው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። በደረብክ ቁጥር የሚያድገው የእነሱ ድርሻ ነው።

በዚያ ላይ «አንድ ጨዋታ ጣለኝ» የሚባለው ነገር አለ። ሰባቱ ገብተው አንዱ ሲቀር፣ ሰው የተበላ አይመስለውም። ለጥቂት ያመለጠው ይመስለዋል። አንጎላችን ለጥቂት መሳትን ወደ ማሸነፍ አስጠግቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ የተበላው ሰው እንደተናደደ አይሄድም፤ ለነገ ትኬት ይቆርጣል። ስሌት የማያውቁ ሞኞች ብቻ ናቸው የሚያዙት የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ያ ጓደኛችን ሒሳብ አዋቂ ነው። ለሥራው የሰው ሒሳብ ይመረምራል።

ደግሞ በሽታ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጎን መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስፍሮታል። ከመጠጥ ሊላቀቅ የሚታገል ወንድማችሁ ፊት ጠርሙስ አትከፍቱም። ለዚህኛው ግን አረንጓዴ ትኬት እንልክለታለን።

አሁን ለእናንተ ተከታይ ላላችሁ ሰዎች ልናገር። «በእኔ ኮድ ተመዝገቡ» የምትሉ፣ «የዛሬው እርግጠኛ ጨዋታ» እያላችሁ ላይቭ የምትገቡ። ብዙዎቻችሁ የፈረማችሁት ውል ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ተከታዮቻችሁ አያውቁም። በዚህ ሥራ የተለመደው አንዱ አከፋፈል፣ በኮዱ የገባው ሰው ከተበላው ላይ ድርሻ መውሰድ ነው። ማለትም ያ ልጅ ሲከስር እናንተ ይከፈላችኋል። «አይዞህ፣ ነገ እንመልሰዋለን» ስትሉት የማን ወገን ሆናችሁ ነው የምታጽናኑት? ይህን ልጁ ማወቅ አለበት። የምታፍሩበት ካልሆነ የቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ተናገሩት።

ወላጆችም አላችሁበት። የእህቴ ልጅ አስር ዓመቱ ነው። ጨዋታ ሊጀመር ሲል «ማን የሚያሸንፍ ይመስልሃል?» አልኩት። «ሁለቱም ያገባሉ፣ ኦቨር 2.5» አለኝ፤ በድምሩ ከሁለት ተኩል ጎል በላይ ይገባል ማለቱ ነው። ግማሽ ጎል እንዴት እንደሚቆጠር ስጠይቀው ቁጭ ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። በትክክል ነው ያስረዳኝ። ማንም አላስተማረውም፤ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ከእኛ ጋር ኳስ ሲያይ ለቀመው። አባቱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እኛ በእሱ ዕድሜ የምንከራከረው ማን ጎበዝ አጥቂ ነው በሚለው ነበር።

«ማስታወቂያው እኮ ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው ይላል» ትሉኛላችሁ። አዎ ይላል፣ በማትነበብ ፊደል። ከጎኑም «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚል አለ። ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል። ሱስ የሚያስይዝ ነገር ሠርቶ፣ ቀን ከሌት ጠርቶ፣ ሌሊት መልእክት ልኮ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱን በተጠራው ሰው ላይ መለጠፍ ነው። ኃላፊነትማ ቢኖር ከእነሱ ይጀመር ነበር። የሚሠሩትን ግን እዩ። ደጋግሞ የሚያሸንፍ ሰው ሲመጣ የሚያስይዘውን መጠን የሚገድቡ አሉ። ብዙ የሚከስር ሰው ሲያገኙ ደግሞ የክብር ደንበኛ ብለው ስጦታ ይልኩለታል። ያን ሰው ማን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል። እያንዳንዱ ትኬቱ እጃቸው ላይ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ማስታወቂያው ከኳስ ጋር አብሮ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። በብሪታንያ የስፖርት ውርርድ በቴሌቪዥን እንዲተዋወቅ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው። ኳሱ ከዚያ በፊትም ነበር። ሰው የፈቀደውን ደግሞ ሰው መልሶ መከልከል ይችላል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የቁማር ማስታወቂያን ከሞላ ጎደል ከለከለች። ስፔን በ2020 የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማስታወቂያውን ሰው በሚተኛበት፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ወሰነችው። ቤልጅየም ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮ፣ ከጋዜጣና ከአደባባይ አስወጣችው። ኔዘርላንድስም በዚያው ወር ለሁሉም ሰው በጅምላ የሚለቀቀውን ማስታወቂያ አገደች።

ቀዳዳው ግን ብዙ ነው። ጣሊያን ውስጥ ኩባንያዎቹ የስፖርት ዜና ድረ ገጽ የሚመስል ስም ይዘው ወደ ማልያው ተመልሰዋል። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ማንም ይለየዋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ደግሞ በ2023 የቁማር ስፖንሰርን ከማልያ ፊት ለፊት ለማንሳት ተስማሙ፤ የጊዜ ገደቡ የ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ነው። ከፊት ለፊት ብቻ ነው የተስማሙት። እጅጌው በስምምነቱ ውስጥ የለም። እኔ ግማሽ ክልከላ የማልወደው ለዚህ ነው። ውኃ ቀዳዳ አያጣም።

ሙሉ ክልከላ ቢሆን ደስ ይለኛል። እሱ ካልሆነ ቢያንስ ቦነስና «ነፃ ውርርድ» የሚባለው ማባበያ ይቅር። በጨዋታ ሰዓት አይተላለፍ። ከማልያ ይውረድ። ታዋቂ ሰው ፊቱን አያከራይ። ከሁሉም በላይ ወደ ሰው የግል ስልክ የሚላከው መልእክት ይቁም። እሱ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ የሚያመልጠውን ሰው ከኋላ ይዞ መጎተት ነው።

«ስፖርቱ በምን ይኖራል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ይህ ጥያቄ በሲጋራም ጊዜ ተነስቶ ነበር። የፎርሙላ ዋን መኪኖች ለብዙ ዓመታት የሲጋራ ቀለም ተቀብተው ነበር የሚሮጡት። የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ተሻጋሪውን የትምባሆ ስፖንሰርነት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከለከለ። ውድድሩ ዛሬም አለ፣ ገንዘቡም አለ። ሲጋራም አልተከለከለም፤ የሚፈልግ ገዝቶ ያጨሳል። የተከለከለው ጥሪው ነው። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ማስታወቂያ ከተከለከለ ሰው ፈቃድ ወደሌላቸው ድብቅ ድረ ገጾች ይሄዳል» ለሚሉት፣ ፍርሃቱን አልንቀውም። እውነት አለው። ፈቃድ የሌለውን መዝጋት፣ የክፍያ መንገዱን መቁረጥ ያስፈልጋል። ግን የድብቁ ቤት መኖር፣ የተፈቀደው ቤት ልጆቻችን ጆሮ ላይ እንዲጮህ ፈቃድ አይሰጠውም።

ሕግ ግን ጊዜ ይወስዳል። ረቂቅ አለው፣ ክርክር አለው፣ ክስም አለው። የእኛ ግሩፕ ሕግ አይጠብቅም። የኮድ ሊንኩን ዛሬ ማታ ማጥፋት ይቻላል። በትኬት ሥር «እንኳን ደስ አለህ» ማለት ማቆም ይቻላል። እኔ አቁሜያለሁ። የግሩፑን አስተዳዳሪም ትኬት እዚህ አይለጠፍ እንዲል ጠይቄዋለሁ። ሁለት ሰዎች «አካበድክ» ብለው ወጡ። ይውጡ። ያኛው ጓደኛችን ግን አለ። እሱ እንዲቆይ ነው የምፈልገው።

አንተ ደግሞ ያን አረንጓዴ ትኬት የለጠፍክ ወንድሜ፣ አልጠላህም። ደስታህን አብረንህ እንድንካፈል ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። መለጠፍህን ካልተውክ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። መተግበሪያህን ክፈትና ታሪክ የሚለውን ተጫን። ያለፉትን ስድስት ወራት ትኬቶች ሁሉ አውጣቸው፣ ቀዩንም አረንጓዴውንም። ያስያዝከውን ደምር፣ የበላኸውን ደምር። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ላይ ለጥፍልን፣ ያኔ ሁላችንም እናነበዋለን።