ለባለ 35 ጌጅ አጋርነት የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው ማክሰኞ ደሴ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ቢሮ ለጉዳይ ሄጄ ከመስኮቱ ፊት ስደርስ፣ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ። ከራሷ በላይ «ለዲጂታል ልማት በአጋርነት እንተጋለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። አንባቢዬ እነዚህን ሁለት ቃላት ከእኔ ይበልጥ ስለሚያውቃቸው ስለ ንዴቴ አልተርክም። ብዕሬን ያነሣሁት ለምስጋና ነው፤ ምስጋናዬም የመግባቢያ ሰነድ ሳይፈርሙ ውሎ ማደር ለማይሆንላቸው ወገኖቼ ይድረስልኝ። የወሎ ሰው ሳይመርቅ አያመሰግንምና፣ እጃችሁ ከብዕር፣ ብዕራችሁ ከቀለም አይለይ፤ አሚን በሉ።

ባነሩን የወለደውን የፊርማ ሥነ ሥርዓት በነሐሴ አጋማሽ በዓይኔ አይቻለሁ። አዳራሹ ቀይ ቀለም የተቀባ አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ነበር፤ ኮርኒስ ግን ገና አልተሠራለትም። የመጀመሪያው ተናጋሪ መረጃችን ሁሉ ወደ «ክላውድ»፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ ደመና፣ እንደሚወጣ ሲያበሥሩ የጦሳ ተራራ ደመና በአዳራሹ ላይ ወረደና፣ ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑም ተናጋሪውም ለቆርቆሮው ጩኸት እጅ ሰጡ። ጥቂት ቆይቶ ከመድረኩ በላይ፣ ጎማው ሳይገባለት ከተመታ አንድ ምስማር ሥር፣ ጠብታ ጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቢጫ ባልዲ አምጥታ ከፊርማው ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠች። ፎቶ አንሺው ባልዲው ፍሬም ውስጥ ገባብኝ አለ፤ ባልዲው ወደ ግራ ተገፋ፤ ጠብታው ግን አብሮ ስላልተገፋ ሰነዱ ላይ አረፈ። ሰነዱ በመሐረብ ተጠረገ፣ ጠረጴዛው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ባነሩ ከጠረጴዛው ኋላ መሆን ስላለበት እሱም ተከተለ፤ ባነሩ ሲነሣ የግድግዳው እርጥበት ስለተጋለጠ መሸፈኛ የሚሆን የአበባ ማሰሮ ተፈልጎ መጣ። በመጨረሻ ሁለቱ ፈራሚዎች ባለቆዳ ማኅደራቸውን ተለዋወጡ። ፎቶ አንሺው ዓይን ተጨፍኗል ስላለ መልሰው ተለዋወጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለዋወጡ የማን ማኅደር ከማን እጅ እንደቀረ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከፍቶ ያየም አልነበረም፤ ጭብጨባው ግን ከዝናቡ በልጦ ተሰማ። ስንወጣ ለእያንዳንዳችን የአጋርነቱ ስም የታተመበት ስክሪፕቶ ታደለን።

አጋርነትና ቆርቆሮ በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ መሆናቸውን የተረዳሁት የዚያን ዕለት ነው። ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጌጅ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል፤ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 35 ጌጅ 0.2 ገደማ ነው። የራሴን ቤት ስከድን አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ ምን 28 ላይ አቆመዎት? 35 አለልዎት እኮ!» ብሎ በደግነት ሊያሳድገኝ ሞክሮ ነበር። የእኛም አጋሮች በቁጥር እንዲሁ እያደጉ ነው። ቀለሙ እንደሆነ ለወፍራሙም ለስሱም እኩል ያምራል፤ በፋብሪካ የሚቀባው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ውፍረት ለማንም አያሳብቅም። ከቀለሙ ሥር ያለው ዚንክ ግን ሞኝ ነው፤ ብረቱ እንዳይዝግ ብሎ ቀድሞ ራሱ ይበላል። እንዲህ ያለ አጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርም አይቼ አላውቅም።

ደግሞስ ምን አስቸኮለን? «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ቁጥሩን ከፈረንጅ አቆጣጠር መውሰዱን እያነሡ የሚነዘንዙ ነገረኞች አሉ። እኛ በራሳችን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ስለሆንን 2025 ገና አልደረሰም፤ አብሽሩ።

ከመስኮቱ ፊት ከእኔ ቀጥለው የቆሙት እናት ከኩታበር የመጡ ነበሩ። «ሲስተም የለም» ሲባሉ፣ «እሱ ባይኖርም እኔ አለሁ እኮ ልጄ፤ ስመጣ ይኸው ሦስተኛዬ ነው» አሉ። ከሰልፉ የሳቁ ነበሩ። እኔ አልሳቅሁም። የእኒህን ሴት የመኪና ገንዘብ ሦስት ጊዜ የበላው ማን ነው? ለባነርና ለባለቆዳ ማኅደር የተገኘ ብር መብራት ሲጠፋ ለምታገለግል አንዲት ባትሪ እንዴት ይታጣል? ይህ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሠራተኛዋ እናቲቱን ትንሽ ካየቻቸው በኋላ ከመሳቢያዋ ዳሩ የተበላ ባሕር መዝገብ አወጣች፤ ስማቸውን ከነአያታቸው በእጇ ጻፈች፤ ማኅተሙን በትንፋሿ አሙቃ መታችና በ10 ደቂቃ ውስጥ ጉዳያቸውን ጨረሰች። የጻፈችበት ስክሪፕቶ ያን ዕለት የታደለው ነበር፤ «ዲጂታል ልማት» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል። ስክሪፕቶው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ይጽፋል።