ስምንት ዓመት ምርቃት

እኔን ያናደደኝ ባነሩ ነው። የእቴቴ ለቅሶ ድንኳን በር ላይ ፎቶዋን አሳትመው ሰቅለዋል፣ ከስሩ በትልቁ «1921 – 2025»። ለቀስተኛው ገና ሳይቀመጥ ቀና ብሎ ይቀንስና «ውይ፣ 104! እሳቸውማ ጠግበው ነው፣ ምን ያስለቅሳችኋል» ይለናል። ጠግበው? ምሳ ነው እንዴ?

ሲጀመር 1921 በኛ ነው፣ 2025 በፈረንጅ። አሜሪካ ያለው አጎቴ ድሮ የቪዛ ፎርም ሲሞላላት የኛን ዓመት ሳይቀይር እንዳለ ገለበጠው፣ ቀኑን ደሞ ጃንዋሪ 1 አለውና እቴቴ ቁጭ ባለችበት 8 ዓመት ምርቃት ተጨመረላት። ቪዛውን እንኳን አልሰጧትም። እሷ እንደሆነ «ኅዳር ሲታጠን ተወለድኩ፣ ለማይጨው ሲዘመት ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ነበር የምትለው፣ ስትሞት 96 ዓመቷ ማለት ነው። ቢሆንስ? ለቅሶ ዕድሜ ታይቶ ነው እንዴ የሚፈቀደው? በጣም ነው የሚያበሽቀኝ!

ደሞ እሷ ምኗ ጠገበ። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የሚለውን ተረት ስወደው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጎረቤት ላይ ስትተርተው ኖራ በ90 ዓመቷ ሞባይል ካልተገዛልኝ ብላ ቤቱን አመሰችው። ከዛማ ሌሊት 11 ሰዓት ሚስኮል፣ ደንግጠህ ስትደውል «ምነው ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ምን ሆንክ?»

የስኳሩን ነገር ግን አልረሳላትም። አልጋዋ ስር ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ ቁልፉ መቀነቷ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ልጅ ሆኜ አንዴ ጎደለ ተብሎ በርበሬ የታጠንኩት እኔ ነኝ፣ የላሰው ግን ያው ባለ ጃንዋሪ 1 አጎቴ ነበር። ታውቅ ነበር፣ የበኩር ልጇ ስለሆነ ዝም አለች። ሙት ወቃሽ እንዳትሉኝ፣ የምወቅሰው በሕይወት ያለውን ነው።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሳጥኑ ሲከፈት ሦስት ኪሎ የሚሆን ስኳር በፌስታል ተቋጥሮ ድንጋይ መስሎ ተገኘ። አክስቶቼ እንደ አዲስ እዬዬ አሉ። አጎቴ ጫፉን ሰበር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተና «ለማስታወሻ ነው» አለ።

ባነሩ? ለአርባዋ አርሙት ብዬ ለምኜ ነበር፣ አጎቴ «ልክ ነህ፣ ተሳስቷል» ብሎ ስልኩ ላይ ሲያሰላ ቆየና አሳረመው። 1921ን ከፈረንጅ ወደኛ ቀይሮ 1913 አደረገው። 2025 እንዳለ ነው።

አሁን 112 ሞልቷታል።